ከባዱ ወደ ላይ፣ ባዶው ወደ ታች

ጅቡቲ ከተማ እኩለ ቀን ላይ ሱቋን ትዘጋለች። ይህን ለአዲስ አበባው የአማኑኤል ሰፈር ሰው እንዴት ብዬ ላስረዳው? በእኛ ሰፈር ቀትር ማለት ገበያው የሚጦፍበት፣ ተሸካሚው «ዞር በል! ዞር በል!» እያለ የሚሮጥበት፣ ደላላው ምሳውን ቆሞ የሚጎርስበት ሰዓት ነው። እዚህ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የብረት መዝጊያው እየተንኳኳ ይወርዳል፣ ባለሱቁ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ጎዳናው ለድመትና ለቁራ ይለቀቃል። ወደ አስር ሰዓት ግድም፣ ሙቀቱ ትንሽ ሲበርድ፣ ከተማው እንደገና ይከፈታል። የዕረፍት ቀናቸውም ዓርብ ነው። እሑድ ሁሉም ሥራ ገቢ ነው፤ እሑድ ጠዋት የአማኑኤልን ቅዳሴ እየሰማ ላደገ ሰው የዚያን ቀን የሥራ ግርግር ሆድ ያባባል።

ቀትርም ዓርብም የማያውቅ አንድ ቦታ ግን አለ፤ ወደቡ። ክሬኑ ሌሊትና ቀን ያነሳል፣ ያወርዳል። ከወደቡ ጀርባ ደግሞ ረጃጅም የጭነት ባቡሮች ተራቸውን ይጠብቃሉ። አገር አቋርጬ የመጣሁትም እነሱን ለማየት ነው።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ያደግሁት ከመርካቶ ጋር በር በሚጋራው አማኑኤል ሰፈር ነው። ጣና ገበያ የተደረደረው ሳህን፣ ብረት ተራ የተጋደመው ብረት፣ ከመኪና እየተወረወረ የሚወርደው የጨርቅ ጣቃ፣ አብዛኛው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ኢትዮጵያ ከውጭው ዓለም ጋር ከምትነግደው ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው በዚህች በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ነጋዴው አንድ ቀን «ዕቃዬ ጅቡቲ ደርሷል» ይላል። ሰንብቶ ደግሞ «ሞጆ ደረቅ ወደብ ገባ» ይላል። በሁለቱ ወሬዎች መካከል ምን እንደሚሆን ሲያወራ የሰማሁት ሰው የለም። ያን መሐል ያለውን መንገድ ነው አብረን የምንሄደው።

ከአዲስ አበባ የምንነሳው ከፉሪ ለቡ ነው። የለገሀርን ጣቢያ የምታስታውሱ አንባቢዎች እዚህ ላይ ቅር ይላችሁ ይሆናል። ለገሀር ከተማው መሐል ነበር፤ ከባቡር የወረደ ሰው ሻንጣውን አንጠልጥሎ በእግሩ ቤቱ ይገባ ነበር። የአዲሱ መስመር ጣቢያዎች ግን ሁሉም ከከተማ ወጣ ያሉ ናቸው። ለቡም፣ ድሬዳዋም፣ ጅቡቲ ያለው የነጋድ ጣቢያም እንደዚያው። መጀመሪያ ተከፋሁ። ኋላ የጭነት ባቡሩን ርዝመት ሳይ ግን ገባኝ፤ ይህን የሚያህል ነገር ሰው መሐል ቆሞ ሊቆረጥና ሊቀጠል አይችልም።

መስመሩ ከሰበታ ተነስቶ እስከ ጅቡቲ ወደብ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። የገነቡት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ሲሆኑ አንደኛው ከሰበታ እስከ ሚኤሶ፣ ሌላው ከሚኤሶ እስከ ባሕሩ ተካፍለውታል። መስከረም 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ጥር ላይ ደግሞ ጅቡቲ ላይ ተመረቀ። መደበኛ ሥራውን የጀመረው ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። የድሮው ሀዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ስፋት ነበረው፤ ይህኛው 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ከላይ የተዘረጋው ሽቦ ደግሞ 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል። በአውቶቡስ ተራና በሰባተኛ በኩል የሚያልፈው የከተማችን ቀላል ባቡር የሚሠራው በ750 ቮልት መሆኑን ስታስቡ ልዩነቱ ይታያችኋል።

እስከ አዳማ ሀዲዱ ጥንድ ነው፤ ሂያጅና መጪ ሳይጠባበቁ ይተላለፋሉ። ከአዳማ ወዲያ ነጠላ ይሆናል። የባቡር ሥራ ምስጢር ያለውም እዚህ ነው። ነጠላ ሀዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት ጎን ለጎን ሌላ ሀዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነው። አንዱ ገብቶ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል። ማን እንደሚቆምና ማን እንደሚያልፍ የሚወስነው ሾፌሩ አይደለም፤ በሩቅ ተቀምጦ መስመሩን ሁሉ የሚያየው ተቆጣጣሪ ነው። ዲስፓቸር ይሉታል።

እኛም ሜዳ መሐል ያለ አንድ ጣቢያ ላይ ቆምን። ግራር፣ ድንጋይ፣ ከሩቅ የሚታዩ ግመሎች፤ ሌላ ምንም የለም። ተሳፋሪው አንገቱን በመስኮት እያወጣ «ምን ሆነ?» ይላል። አጠገቤ የተቀመጡት የድሬዳዋ ሴት ግን ጨርቃቸውን እንደያዙ አልተነቃነቁም። «አቦ ምንም አልሆነም፤ ጭነት እየመጣ ነው» አሉ።

እውነትም መጣ። መጀመሪያ ሽቦው ጮኸ፣ ቀጥሎ መሬቱ ተሰማን፣ ከዚያ ሳቢው አለፈ። ሳቢ የምለው ሎኮሞቲቩን ነው፤ ራሱ ምንም ሳይጭን ሌላውን የሚጎትተው። ከኋላው ፉርጎው ተከተለ፣ ሌላው ተከተለ፣ ሌላው ተከተለ። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር፣ ወይም አንድ ባለ 40 ጫማ ተቀምጧል። ሃምሳ ፉርጎ ያለው አንድ ባቡር መቶ ትንንሽ ኮንቴይነር ተሸከመ ማለት ነው። እኛ መርካቶ ውስጥ አንዲት ተጎታች ጠባብ መንገድ ገብታ ስትታጠፍ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ያያል። እዚህ ሃምሳ ተጎታች የሚያህል ጭነት አንድ ሾፌርና አንድ ረዳት ይዘውት ያልፋሉ።

ሴትዮዋ ግን ሌላ ነገር አሳዩኝ። «ይሄ የሚወጣው ነው፤ የሚወርደውን ደግሞ ታየዋለህ» አሉኝ። ቆየት ብሎ ከእኛ ጋር ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የጭነት ባቡር አንድ ጣቢያ ቆሞ አገኘን። ከፉርጎዎቹ ብዙዎቹ የያዙት ወደ ወደብ የሚመለስ ባዶ ኮንቴይነር ነበር፤ ምንም ያልተጫነባቸውም ነበሩ። ይህ ነገር እስከ ጅቡቲ ድረስ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ድሬዳዋ ስንደርስ ወረድኩና አደርኩ። ድሬዳዋን ሳያዩ ስለ ባቡር መጻፍ አይሆንማ! ለነገሩ ድሬዳዋን ያስገኛት ባቡር ነው ይባላል፤ እኔ ግን ያስገኛት ዳገት ነው እላለሁ። አጼ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሀዲዱን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሀዲድ ሐረር እንዲገባ ነበር ሐሳቡ። ሐረር ግን ተራራ ላይ ናት። የዚያን ዘመን ባቡር ያን ዳገት ጭነት ይዞ ለመውጣት ብዙ ወጪና ብዙ ሥራ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ሀዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ቆመ፤ በቆመበትም ከተማ በቀለ። አዲስ አበባ የደረሰው ከዚያ ብዙ ዓመት ዘግይቶ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። የባቡር ጉልበት ከተማ የት እንደሚቆረቆር ይወስናል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ባሉት ጥላዎች ሥር ስሄድ ግን እውነት መሆኑን በእግሬ አወቅሁት።

በአሮጌው ጣቢያ አቅራቢያ ሆጃ እየጠጡ የተቀመጡ አንድ አዛውንት አገኘሁ። ሆጃ ማለት ከቡና ገለባና ከወተት የሚፈላ የሐረርጌ መጠጥ ነው፤ ከእኛ ሻይ ይልቅ ለስለስ ይላል። አዛውንቱ ዕድሜያቸውን በድሮው ምድር ባቡር ጥገና ቤት ያሳለፉ ሰው ናቸው። «አባባ፣ የድሮው ባቡር ጉልበት ነበረው?» አልኳቸው።

«ጉልበትማ ነበረው» አሉ። «አባቶቻችን በእንፋሎት ሲሠሩ የሚያስጨንቃቸው ውኃ ነበር። እንፋሎት ውኃ ይጠጣል፤ ከዚህ እስከ ጅቡቲ ያለው አገር ደግሞ ውኃ የለውም። እኛ በናፍጣ ስንሠራ ውኃው ቀረ፤ የሚያስጨንቀን ግን ሌላ ሆነ።»

«ምን?»

«ማቆሙ ነዋ፣ ልጄ። ማስነሳት ለሁሉም ይመጣል።»

ዝም አልን። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር። ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ፣ ድልድይ ላይ ያለ ጠመዝማዛ፣ በፍጥነቱ የገባ የተሳፋሪ ባቡር፣ ከአራት መቶ በላይ የሞቱ ሰዎች። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ያየሁት በእኚህ ሰው ቃል በኩል ነው ብል አልዋሽም።

ከድሬዳዋ ወዲያ አገሩ እየደረቀ፣ እየሞቀ ይሄዳል። አይሻን፣ ከዚያ ድንበሩን ደወሌን አልፈን፣ አሊ ሳቢህ የሚባለውን የጅቡቲ ከተማ አቋርጠን ወደ ባሕሩ ወረድን። ነጋድ ስንደርስ ሙቀቱ በሩ ላይ ተቀበለን። ሰዓታቸውም ያስቃል። ፀሐይዋ አንድ፣ የሰዓት ክልሉም አንድ ሆኖ፣ እኔ ስምንት ሰዓት የምለውን እነሱ አሥራ አራት ይሉታል። ከሰው ጋር ሲቀጣጠሩ «በኢትዮጵያ ወይስ በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

ትንሽ ሻይ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ የደሴ ልጅ ናት፤ ቁርስ ላሖህ አቀረበችልኝ። ላሖህ እንደ እንጀራ ዓይን ያለው፣ ግን ትንሽና ወፈር ያለ፣ ሳይኮመጥጥ የሚበላ ነው። በማርም በሻይም ይበላል። እንጀራ ነው ብዬ ወጥ ፈለግሁና ናፍቆቴ ባሰ። ከጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይሽከረከራል። «ይሄ የሚዞረው በእኛ መብራት ነው እኮ» አለችኝ በኩራት። እውነቷን ነው፤ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ትገዛለች። ከደጋ የወረደ ውኃ እዚህ ንፋስ ሆኖ ፊቴን ሲያበርደኝ ደስ አለኝ።

የምፈልገውን ሰው ያገኘሁትም እዚያው ነው፤ ፈረቃውን ጨርሶ ያረፈ ኢትዮጵያዊ የሳቢ ሾፌር። መስመሩ ሲጀመር ሥራውን በኮንትራት የያዙት ቻይናውያን እንደነበሩ፣ ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ከጎናቸው ሆነው እየተማሩ እንደቆዩ፣ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ላይ ሙሉ ርክክቡ እንደተፈጸመ ነገረኝ። አሁን ኩባንያው የሁለቱ አገሮች ነው፤ ከመቶ ሰባ አምስቱ የኢትዮጵያ፣ ሃያ አምስቱ የጅቡቲ። ልጁ ይህን ሲናገር አንገቱ ቀና ይላል። የእኔም ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ወደብ ውስጥ ሳቢያችን አይገባም» ሲል ጀመረልኝ። ገረመኝ። ወደብ የማይገባ የወደብ ባቡር! ምክንያቱን ሲነግረኝ ግን ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ክሬን ኮንቴይነር የሚያነሳው ከላይ ነው፤ ከላይ 25 ሺህ ቮልት ሽቦ ተዘርግቶ እንዴት ይሆናል? ስለዚህ ኮንቴይነር የሚነሳበትና የሚወርድበት ቦታ ሽቦ የለውም። እዚያ የሚሠራው በናፍጣ የሚሄድ ሳቢ ነው። ፉርጎዎቹን እየገፋና እየጎተተ፣ እየቆረጠና እየቀጠለ ይደረድራል። የተሰናዳው ባቡር ሽቦ ወዳለበት ሲወጣ ትልቁ የኤሌክትሪክ ሳቢ ይረከበዋል። ጭነት በሚወርድባቸውና በሚጫንባቸው በሞጆና በእንዶዴ ጣቢያዎችም ነገሩ ያው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የፍሬን ሙከራ ነው። ልጁ እዚህ ላይ ረጅም ቆየ፤ እኔም አላቋረጥኩትም። ከሳቢው እስከ መጨረሻው ፉርጎ ድረስ የንፋስ ቱቦ ይያያዛል። ሳቢው ንፋስ ይሞላል። ፍሬኑን የሚያስይዘው ንፋሱ ነው ብዬ አስቤ ነበር፤ ለካ ተቃራኒው ነው! ቱቦው በንፋስ ሲሞላ ፍሬኑ ይለቃል፣ ንፋሱ ሲቀንስ ፍሬኑ ይይዛል። ስለዚህ መንገድ ላይ ባቡሩ ለሁለት ቢበጠስ ቱቦውም ይበጠሳል፣ ንፋሱ ይወጣል፣ ሁለቱም ቁራጭ በራሱ ይቆማል። ይህን ያሰበ ሰው ነፍሱን ይማር አልኩ። ሰውዬው አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ ነው፤ ይህን የንፋስ ፍሬን ካወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ የጭነት ባቡር የሚቆመው በዚሁ ሐሳብ ነው። የድሬዳዋው አዛውንት ይህን ቢሰሙ ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቁ ነበር።

«አሁን እንነሳ» አልኩት ልጁን።

«መነሳት እንዲህ በአንዴ አይደለም፣ ጋሼ። አንዱ ፉርጎ ይሳባል፣ ማያያዣው ይጠብቃል፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። ድምፁ ከፊት ወደ ኋላ ሲሄድ ትሰማዋለህ። ቸኩለህ ኃይል ከሰጠኸው ማያያዣ ይበጠሳል።»

ከዚያ ደግሞ አሸዋ! ይህን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። የብረት ጎማ በብረት ሀዲድ ላይ ሲሄድ ሰበቃው እጅግ ትንሽ ነው። ባቡር በትንሽ ጉልበት ብዙ ጭነት የሚስበው በዚህ ምክንያት ነው። ግን ያው ልስላሴ ዳገት ላይ ጠላት ይሆናል። ጎማው ይሽከረከራል፣ ባቡሩ ባለበት ይቆማል። ስለዚህ ሳቢው ሆን ተብሎ ከባድ ሆኖ ይሠራል፤ ክብደቱ ጎማውን ከሀዲዱ ጋር እንዲያጣብቀው። ያም ካልበቃ ከጎማው ፊት ደረቅ አሸዋ ይረጫል። ኮምፒዩተር የሚያዘው፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎዋት ጉልበት ያለው ማሽን ሆዱ ሥር የአሸዋ ሣጥን ይዞ ይዞራል! ሾፌሩ ይህን ሲነግረኝ ምንም አልመሰለውም። እኔ ግን አሁንም ያስደንቀኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ ዳገቱ። ወደቡ ከባሕር ወለል ጋር እኩል ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። አዋሽ ላይ መሬቱ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይነሳና ሞጆ ከ1,700 ሜትር በላይ ይደርሳል። አዲስ አበባ ዳርቻ ሲገባ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አንድ 3,000 ቶን የሚመዝን ባቡር ከባሕሩ ተነስቶ ሞጆ ገባ እንበል። ሰበቃውን፣ ንፋሱን፣ አዋሽ ላይ የወረደውንና መልሶ የወጣውን ሳንቆጥር፣ ያን ክብደት 1,700 ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ብቻ 14,000 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። በወር 100 ኪሎዋት ሰዓት የምትጠቀም አንድ የአማኑኤል ቤት ብትኖር፣ ይህ ለ140 እንደሷ ላሉ ቤቶች የአንድ ወር መብራት ነው። የምንገዛው ዕቃ ሁሉ፣ ብርጭቆውም ቆርቆሮውም፣ ይህን ዳገት ወጥቶ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ የኤሌክትሪክ ሳቢ ጥቅም ይታያል። ናፍጣ የሚያቃጥል ሞተር ነዳጁን ይሸከማል፤ አየሩ በሚሳሳበት ደጋ ደግሞ ይደክማል። የኤሌክትሪኩ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሽቦው ነው፤ ደጋም ቆላም አያውቅም። ናፍጣ ደግሞ በዶላር ይገዛል፤ ኤሌክትሪኩ የራሳችን ወንዝ ነው። ጉዳቱም አለ። መብራት ከጠፋ ባቡሩ ባለበት ይቆማል፤ ነጠላ ሀዲድ ላይ አንዱ ሲቆም ከኋላና ከፊት ያለው ሁሉ ይጠብቃል። ግመልና ከብትም ሀዲዱ ላይ ይገባሉ። ከባድ ጭነት የያዘ ባቡር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ገና ብዙ መቶ ሜትር ይሄዳል፤ ሾፌሩ እያየ ምንም ማድረግ አይችልም። ለአርብቶ አደሩ ያቺ ግመል ሀብቱ ናት፤ ካሳውም፣ ጠባቂውም፣ መሻገሪያውም በደንብ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ወጣን፤ አሁን ደግሞ እንውረድ። ቁልቁለት ላይ የኤሌክትሪክ ሳቢ ሞተር ሥራውን ይገለብጠዋል። ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ሞተሩም ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያን በማድረጉም ባቡሩን ይይዘዋል። የፍሬን ሸራ ሳይነካ ፍጥነት ይቀንሳል፤ የመነጨውም ኤሌክትሪክ ወደ ሽቦው ሊመለስ ይችላል። በሰሜን ስዊድን ኪሩና የሚባል የብረት ማዕድን ከተማ አለ። ማዕድኑ ተራራ ላይ ነው፣ የሚላክበት የናርቪክ ወደብ ደግሞ ኖርዌይ ባሕር ዳር። ከባዱ ባቡር ከድንበሩ ወደ ባሕሩ ሲወርድ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ባዶውን መልሶ እስከ ድንበሩ ለማውጣት ይበቃል ይባልለታል። ተፈጥሮ አዳላችላቸው፤ ከባዱ የሚወርድ፣ ቀላሉ የሚወጣ ሆነላቸው።

የእኛ ግልባጩ ነው። ከባዱ ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል። መርካቶ ውስጥ ጆንያ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣ፣ ሲመለስ ግን ባዶ ጀርባውን ይዞ የሚወርድ ተሸካሚ አስቡት። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ የሚከፈለው ለግማሹ መንገድ ነው። ባቡራችንም እንደዚያው ነው። የሳቢው፣ የሾፌሩ፣ የሀዲዱ ወጪ ሲወርድም አለ፤ የሚከፍል ጭነት ግን ጥቂት ነው። ያ ያልተከፈለ መንገድ ዞሮ ዞሮ በሚወጣው ዕቃ ላይ ይጫናል፤ በመጨረሻም ጣና ገበያ ሳህን የምትገዛው እናት ትከፍለዋለች።

ይህን ለልጁ ስነግረው «ሳቢ ይጨመር ይላሉ ሰዎች» አለኝ። «ጋሼ፣ ዳገቱን የማይወጣ ሳቢ የለንም። ባቡሩ የሚዘገየው ጫፍና ጫፍ ላይ ነው። እዚህ ሲጫን፣ እዚያ ሲራገፍ። እኔ ሀያ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ሄጄ፣ ፉርጎው እስኪራገፍ ከዚያ በላይ ከቆመ ምን ዋጋ አለው?»

ትክክል ነው። አንድ የጭነት መኪና ይህን መንገድ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ ባቡሩ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። መኪናው ግን ከወደብ ተነስቶ በቀጥታ መጋዘን በር ላይ ይቆማል። ባቡሩ ሞጆ ወይም እንዶዴ ላይ ያራግፋል፤ ከዚያ ሌላ መኪና፣ ሌላ ጫኝና አውራጅ፣ ሌላ ወረፋ፣ ሌላ ክፍያ አለ። አማኑኤል እስኪደርስ ደግሞ ትልቁ መኪና የማይገባበት መንገድ ይመጣል፤ አይሱዙ ይተካዋል፤ አይሱዙውም የማያልፍበት ላይ የሰው ጀርባ ይተካዋል። ሃምሳ ፉርጎ በአንዴ ያመጣው ዕቃ የመጨረሻዋን መቶ ሜትር የሚሄደው በአንድ ሰው ትከሻ ነው። ያ ሰው የዚህ ሁሉ መስመር አካል ነው፤ ሲቆጠር ግን አይቆጠርም። እኔ ቆጥሬዋለሁ።

ስለዚህ ከዚህ ሙቀት ውስጥ ሆኜ ለሰፈሬ ነጋዴዎች የምለው አለኝ። ተራራውን ዝቅ ማድረግ አንችልም፤ እግዜር እንዲህ አድርጎ ሠርቶታል። የሚወርደውን ፉርጎ መሙላት ግን እንችላለን። ቡናችን፣ ሰሊጣችን፣ ቦሎቄያችን፣ ሽምብራችን፣ አትክልታችን ሁሉ ወደ ባሕሩ የሚሄደው ቁልቁል ነው። ቁልቁል የሚሄድ ጭነት ጉልበት ብዙም አይጠይቅም፤ እንዲያውም እየወረደ ኤሌክትሪክ ይመልሳል። ከአገር የሚወጣ ምርት ላይ የምትሠሩ ሰዎች መኪና ከመፈለጋችሁ በፊት ወደ ሞጆና ወደ እንዶዴ ሄዳችሁ ባዶ የሚመለሰውን ፉርጎ ጠይቁ። ብቻውን የማይሞላ ካለ ከጎረቤቱ ጋር ይዳበል፤ ዕቁብና ዕድር የምናውቅ ሰዎች ለዚህ አናንስም። አስመጪውና ላኪው አንድ ባቡር ሲካፈሉ የአንዱ ወጪ ለሌላው ይቀልለታል። የባቡሩ ጉልበት በቂ ነው፤ ዳገቱን በየቀኑ እየወጣ አሳይቶናል። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው፤ ባዶ እጁን አንመልሰው።